የጋሽ ማኅደረማርያም እርማት

ጋሽ ማኅደረማርያም ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያርሙት የተማሪ ሥራ ስለሌላቸው ያገኙትን ሁሉ ያርማሉ። የዕድር ማስታወቂያ ያርማሉ፣ የቀበሌ የስብሰባ ጥሪ ያርማሉ፣ ዕቃ ተጠቅልሎበት የመጣ ጋዜጣ ያርማሉ። አንድ ጊዜማ የሠርግ መጥሪያ ካርድ አርመው ለደጋሹ መልሰውለታል። ሰውየው ሠርጉ ላይ ከበር አጠገብ፣ ብርዱ በሚገባበት ቦታ ያስቀመጣቸው በዚህ ተቀይሞ ነው ይባላል። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለሚያውቅ ቅጣቱ ቀላል አይደለም።

እርማት ከየት እንደተጣባቸው ለማወቅ ትውልዳቸውን ማየት ነው። የተወለዱት ከአንኮበር ወረድ ብሎ ባለ የካህናት ሰፈር ሲሆን፣ አባታቸው ቄስ፣ አያታቸው መሪጌታ ነበሩ። እሳቸውም ገና ጢም ሳያበቅሉ ቅኔ ቤት ገቡ። በኋላ መምህራን ማሠልጠኛ ሄደው፣ መጀመሪያ ሰላ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ደብረ ብርሃን አማርኛ ሲያስተምሩ ኖሩ እንጂ፣ የቅኔ ቤቱ ነገር ከውስጣቸው አልወጣም።

የቅኔ ቤት ሥርዓት እንዲህ ነው። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ሲያወጣና ሲያወርድ የዋለበትን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። መምህሩ ይሰሙና “ይህን ጣለው” ይላሉ፤ “ይህን ደግሞ እንዲህ በለው” ይላሉ። አንዳንድ ቀን ከተማሪው ሥራ የምትተርፈው አንዲት ቃል ብቻ ናት። ተማሪው የተሰጠውን በቃሉ ይዞ በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ ያቀርባል፤ ሰሚው “ይበል!” ይላል፤ አለቀ። ከዚህ ውስጥ የአንተ ምኑ ነው፣ የመምህርህስ ምኑ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቢጠይቅም ነውረኛ ይባላል። ተማሪው መሃል ላይ ቢጠፋበት ደግሞ መምህሩ ከኋላው ሆነው ይሞሉለታል። ለጋሽ ማኅደረማርያም መምህር ማለት ይኸው ነው፤ የሚሰጥ ሰው።

እንዲህ ሲሰጡ ኖረው ለራሳቸው አንድ ገጽ ጽፈው አያውቁም። ሲጠየቁ “ጊዜ መች ተገኘና” ይላሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ጊዜ አላገኙም። የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳይሞቱ አንድ ጸሐፊ ማውጣት። ከልጆቻቸው አንዱ መካኒክ፣ አንዷ ነርስ ሆኑና ተስፋ አስቆረጧቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሻል “መኪና የሚጠግንና ሰው የሚያክም ወልደህ ታዝናለህ፤ ግፍ አትፈራም!” እያለች ትቀልድባቸዋለች።

ሌይላን ያመጣላቸው አባቷ ታጁ ነው። ታጁ የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ ቆላውን ትቶ ደብረ ብርሃን ገበያ ዳር የቅመም ሱቅ ከፍቷል። አንድ ቀን ጋሽ ማኅደረማርያም እርድ ሊገዙ ገብተው የሱቁን ማስታወቂያ ሲያርሙለት አየና፣ “መምህር፣ ልጄ ሒሳቡን ትችለዋለች፤ አማርኛውን ለፈተና ትንሽ ቢያግዟት” አላቸው። እሳቸውም ትምጣ አሉ።

ልጅቱ መጣች። አሥረኛ ክፍል ናት፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሻርፗን ደጋግማ የምታስተካክል። ለሙከራ ያህል ስለ አባትሽ ሱቅ ጻፊ አሏትና ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ቆዩ። ሲመለሱ የጻፈችውን አነበቡ። “የሚገዛ ሰው ዝንጅብሉን አንዴ ያሸታል። የማይገዛ ሰው ደጋግሞ ያሸታል። አባቴ የማይገዛውንም ይወደዋል፤ ምክንያቱም ብዙ ያወራል” ይላል። ጋሽ ማኅደረማርያም ክው አሉ። ያን ዕለት ማታ እራት ላይ “ይመኙ፣ አገኘሁ” ሲሉ ወይዘሮ ይመኙሻል የጠፋ መነጽራቸውን ያገኙ መስሏት “የት ነበር?” አለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ሌይላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ትማር ጀመር። የፈተናው ነገር ተረሳ። ትጽፋለች፤ እሳቸው ያርማሉ። “ይህ ዐረፍተ ነገር ራቁቱን ነው፤ አልብሺው” ይሏታል። ማልበስ ሲያቅታት ራሳቸው ያለብሱታል። ልጅቱ የታረመውን ቤቷ ወስዳ በደህና ጽሑፍ ትገለብጠዋለች። እንደ እውነቱ ከሆነ በነዚያ ወራት ደስተኛ የነበሩት እሳቸው ናቸው። የእሷን ማንም አልጠየቃት።

ኋላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የአጭር ልቦለድ ውድድር አለ ተባለ። ሌይላ የወንድሟን የሸሪፍን ነገር ጽፋ መጣች። ሸሪፍ ካቻምና ከደብረ ሲና በጭነት መኪና ተሳፍሮ፣ በጅቡቲ በኩል ዐረብ አገር ሊሻገር የሄደ ልጅ ነው። ደህና መድረሱን ደውሎ ነግሯቸዋል እንጂ አልተመለሰም። ልጅቱ የጻፈችው የሄደበትን ጧት ነው። ሸሪፍ ሻንጣውን አንስቶ “እማ፣ ሄድኩ” ሲል እናቱ አፊፋ ምስር ትለቅም ነበር። ከተቀመጠችበት አልተነሳችም፤ ቀና ብላም አላየችውም። እሱ ከወጣ በኋላ የለቀመችውን ምስር መልሳ ካልተለቀመው ጋር ቀላቀለችውና እንደገና መልቀም ጀመረች። ጽሑፉ እዚህ ላይ ያበቃል።

ጋሽ ማኅደረማርያም አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ልጄ፣ እዚህ ጋ ዋናው ነገር ጎድሏል። እናት ልጇ ሲለያት አታለቅስም?”

“ጋሼ፣ እማዬ ግን አላለቀሰችም።”

“ታለቅሳለች።”

“እኔ እዚያው ነበርኩ እኮ። አላለቀሰችም።”

“በቤታችሁ አላለቀሰች ይሆናል። በድርሰት ውስጥ ግን ታለቅሳለች። እናት ናት።”

ሌይላ ሻርፗን አስተካከለች። እሳቸው ምስሩን ሰረዙና አፊፋን አስነሥተው በር ላይ አቆሟት። “አንተ የአብራኬ ክፋይ፣ የዐይኔ ብሌን፣ ለማን ጥለኸኝ ትሄዳለህ!” እያለች ደረቷን እንድትመታ አደረጓት። ከዚያ ዋይታው ቀጠለ፤ አንድ ገጽ ሙሉ። አፊፋ በዕድሜዋ ‘የአብራኬ ክፋይ’ ብላ አታውቅም። ቢሆንም ቋንቋው ያማረ ነው፤ እሱን መካድ አይቻልም። ጋሽ ማኅደረማርያም ጮክ ብለው ሲያነቡት የራሳቸው ዐይን ዕንባ አቀረረ።

ጽሑፉ አልፎ ለመጨረሻው ዙር ደረሰ። የተመረጡት ተማሪዎች አዳራሽ ውስጥ፣ ወላጅ በተሰበሰበበት፣ ሥራቸውን ራሳቸው ያነባሉ፤ ዳኞቹም ጥያቄ ይጠይቃሉ ተባለ። ታጁ ሱቁን ዘግቶ፣ ነጭ ኮፍያውን አጥልቆ ከአፊፋ ጋር መጣ። ጋሽ ማኅደረማርያም በበዓል ቀን ብቻ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው ከታጁ አጠገብ ተቀመጡ።

ሌይላ አነበበች፤ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ዋይታው ላይ ስትደርስ አፊፋ ሻርፗን ወደ አፏ ሳበች። ጋሽ ማኅደረማርያም በጎን አዩና ልቧ ተነካ ብለው ደስ አላቸው። አፊፋ ግን ወደ ባሏ ዘንበል ብላ “እኔ መቼ አለቀስኩ?” ነበር ያለችው። አዳራሹ አጨበጨበ።

ከዳኞቹ አንዷ ሔራን የምትባል ወጣት ናት፤ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ትሑት ልጅ። “ሌይላ፣ በጣም ቆንጆ ነው” አለች። “አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ይህች እናት ተነሥታ በሩ ላይ ከመቆሟ በፊት ምን እያደረገች ነበር? አንቺ ስታስቢው፣ ምን ይታይሻል?”

መልሱን ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሌይላ በላይ የሚያውቀው የለም። ነገር ግን ስለ ምስሩ ከተናገረች ያነበበችው ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው። ወደ እናቷ አየች። ወደ ጋሽ ማኅደረማርያም አየች። ከዚያ ወለሉን ማየት ጀመረች።

እንግዲህ ጋሽ ማኅደረማርያም የቅኔ ቤት ልጅ ናቸው። ተማሪ ቆሞ ሲጠፋበት ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ። ከወንበራቸው ተነሡና፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ መልስ በጠፋባት ልጅ ፈንታ ዋይታውን በቃላቸው ያወርዱት ጀመር። አንዲት ቃል አልሳቱም። እጃቸው መቋሚያ የያዘ ይመስል ከፍ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ከኋላ የተቀመጡ ተማሪዎች ሳቁ፤ ቀጥሎ ሳቁም ቆመ። ሲጨርሱ ዐይናቸውን ገልጠው “ይበል!” የሚላቸው ሰው ጠበቁ።

“አባቴ፣ እርስዎ ማን ነዎት?” አለች ሔራን።

“መምህሯ ነኝ።”

“ጽሑፉን በቃልዎ ይዘውታል ማለት ነው?”

“የሰጠኋትን ነገር እንዴት ላልይዘው እችላለሁ?” አሉ፣ እየሳቁ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ጋሽ ማኅደረማርያም ከተቀመጡ በኋላ እንኳ ምን እንደተናገሩ አልገባቸውም። ከኋላ አንዱ “ቲቸሩ ነው የጻፈላት!” ሲል ዞረው በኩራት አዩት። ዳኞቹ ተንሾካሾኩ። አንደኛ የወጣው ከእነዋሪ ከተማ የመጣ ልጅ ነው ተባለ፤ የሌይላ ታጁ ሥራ ደግሞ የራሷ ባለመሆኑ ከውድድር ውጭ ተደርጓል ተባለ። ልጅቱ ከመድረኩ ስትወርድ በሁለት ረድፍ ተማሪዎች መካከል ነበር ያለፈችው፤ ያልሳቀባት ጥቂት ነው። እናትና አባቷ መሃል አድርገዋት ሲወጡ ጋሽ ማኅደረማርያም “ቆይ፣ ላስረዳቸው” እያሉ ተከተሉ። ማንም ዞሮ አላያቸውም።

ቤታቸው ገብተው ተቆጡ። “ሥርዓት የማያውቁ! መምህር ካልሰጠ ተማሪ ከየት ያመጣል?” እያሉ ክፍሉ ውስጥ ይመላለሳሉ። ለዳኞቹ አቤቱታ ሊያስገቡ፣ ለጋዜጣ ሊናገሩ አሰቡ። ወይዘሮ ይመኙሻል ቁጣቸው እስኪበርድ ጠበቀችና፣ “አንተ ሰው፣ ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማህም? የሰው እናት በአደባባይ ደረት አስመታህ፤ የሰው ልጅ ሌባ አስባልክ። አሁን ደግሞ ልትከስ ነው” አለቻቸው።

“እኔ የሰጠኋት በፍቅር ነው።”

“ማን ስጠኝ አለህ?”

ተኮራርፈው አደሩ።

ቅዳሜ ሌይላ ቀረች። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ቀረች። ጋሽ ማኅደረማርያም በር በተንኳኳ ቁጥር ኮታቸውን ያስተካክላሉ፤ የሚመጣው ግን የዕድር ሰው ነው። አንድ ጧት ታጁን መንገድ ላይ አገኙት። እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፤ ቅያሜ የለበትም።

“ሌይላ ደህና ናት?”

“አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት። መጻፉን ግን ትቼዋለሁ ብላለች። እኔ ምን አውቃለሁ መምህር፣ ሱቁን ታግዘኛለች። ለሒሳብ እንደሷ የለም።”

ታጁ ይህን እንደ መልካም ዜና ነበር የነገራቸው። ጋሽ ማኅደረማርያም ግን ከአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ያዘኑት ለሽልማቱ አልነበረም። ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የኖሩት ሰው አንድ ጊዜ መጣ፣ እሱንም በገዛ እጃቸው አጠፉት። ያን ቀን ነው ጥፋቱ የገባቸው።

ይቅርታ መጠየቅ ለሽማግሌ ሰው ከባድ ነገር ነው። ይቅርታ ሲጠየቅ የኖረ ሰው አጠያየቁን አያውቅበትም። ወይዘሮ ይመኙሻል አብሬህ ልሂድ ብትላቸው እምቢ ብለው ብቻቸውን ወደ ታጁ ሱቅ ሄዱ። ታጁ አልነበረም። አፊፋ ከቅመም ጆንያዎቹ መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ሌይላ ደግሞ ከወዲያ በር አጠገብ በርበሬ ትመዝናለች። አፊፋ ብድግ ብላ ወንበር ሰጠቻቸው፤ ሻይም አስቀዳችላቸው። ሻዩን ሳይነኩ፣

“ወይዘሮ አፊፋ፣ ያላለቀሱትን በሰው ፊት አስለቅሼዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ” አሉ።

“አላህ ለሁላችንም ይቅር ይበለን” አለች አፊፋ። ትንሽ ቆየችና፣ “ግን መምህር፣ ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግርዎ ነበር። ሰው ሁሉ ልጇ ሲሄድ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም ብሎ አምቶኛል። ብነሣ እከተለው ነበር። አንዴ ካየሁት አልለቀውም፤ እሱ ደግሞ መሄዱን ቆርጧል። ለዚህ ነው ከተቀመጥኩበት ያልተነሣሁት” አለቻቸው።

ጋሽ ማኅደረማርያም ለዚህ የሚጨመር ቃል በአማርኛም በግእዝም አላገኙለትም። ልጅቱ የጻፈችው እንዲሁ እንዳለ ሙሉ ነበር፤ እሳቸው ራቁቱን ነው ብለው የደረቡበት ሁሉ ትርፍ ነው። አፈሩ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

አፊፋ ገዢ ሲመጣባት ሌይላ ቀስ ብላ መጥታ አጠገባቸው ቆመች።

“መጻፍ ተውሽ አሉኝ” አሏት።

“ትቻለሁ ያልኩት ለእርስዎ እንዲነገር ነው። እንዳይጠሩኝ ብዬ።”

“አልተውሽም?”

“ጽፌያለሁ። ግን ስለ እርስዎ ነው።”

ሽማግሌው ደስ አላቸው፤ መቼም ስለ እኔ ነው ሲባል ደስ የማይለው የለም። “እስቲ አንብቢልኝ” አሉ።

“እስክጨርስ አንድ ቃል ካልተናገሩ።”

“አልናገርም።”

ወረቀቷን አውጥታ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አነበበች። በጽሑፉ ውስጥ ኪዳነወልድ የሚባል ሽማግሌ አለ። ስሙ ሌላ ነው እንጂ ሁለት ሹራብ ደራርቦ መልበሱ፣ ሰው ሲያነብለት ዐይኑን ጨፍኖ የሚመዝን እየመሰለ ማንቀላፋቱ፣ ሚስቱ ስትናገረው ያልሰማ መምሰሉ የማን እንደሆነ አያጠያይቅም። ጋሽ ማኅደረማርያም እዚህ ድረስ ፈገግ እያሉ ሰሙ። ልጅቱ ቀጠለች።

“ኪዳነወልድ ለሰው ሁሉ ቃል ይሰጣል። ቀበሌው ሲጽፍ ያርማል፣ ሠርገኛው ሲጽፍ ያርማል፣ ልጆች ሲጽፉ ያርማል። ለራሱ ግን ምንም ጽፎ አያውቅም። ሰዎች ጊዜ አጥቶ ነው ይላሉ። ጊዜ ሞልቶታል። የሚፈራው ሌላ ነው። እሱ ከጻፈ አንድ ሰው ማረሙ አይቀርም፤ እርማት እንዴት እንደሚያም ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ስለዚህ በሌላ ሰው ስም ተደብቆ ይጽፋል። ከተሞገሰ ተነሥቶ የኔ ነው ይላል። ከተሳቀበት የሚሳቅበት ልጁ ነው።”

ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ። አልተኛሁም ሊሉ፣ አልፈራሁም ሊሉ፣ እንዲህ አስቤ አይደለም ሊሉ አፋቸው ተከፈተ። ቃል ሰጥተዋልና መልሰው ዘጉት። ሌይላ ሳትፈጥን እስከ መጨረሻው አነበበች። ጽሑፉ አላዘነላቸውም፤ አልሰደባቸውምም።

እንደ ልማዳቸው ስሕተት ፈለጉ። የሚጎድል ቃል ፈለጉ፣ የሚተርፍ ቃል ፈለጉ። ጆሯቸው አርባ ዓመት ሙሉ ለዚህ የሠለጠነ ነው፤ ያም ሆኖ አላገኙም። ከፋቸው። ከመከፋቱ ስር ደስታም ነበረ፣ ግን ገና አልደረሱበትም።

ልጅቱ ፊታቸውን አይታ ደነገጠች። “ጋሼ፣ ተቀየሙኝ?”

“ተቀይሜሻለሁ” አሉ። እውነታቸውን ነው።

ሌይላ ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችው። “በቃ፣ እቀደዋለሁ።”

ጋሽ ማኅደረማርያም እጇን ያዙት።

“አንዲት ቃል እንዳትነኪ” አሏት፤ “ነገ መጥቼ አስተካክዪልኝ ብዬ ብለምንሽም እንዳትነኪ።”